በሰዓት 32 ጊዜ፦ የእንቅልፍ ምርመራ ወረቀትን ካዛንቺስ ላይ ማንበብ

ጭንቅላቱና ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጥፎበት ያደረ ሰው በኋላ የሚሰጠው ወረቀት ብዙውን ጊዜ ሦስት አራት ገጽ ነው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ምህጻረ ቃል። አዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ሃምሳን የተሻገረ፣ ግፊቱ በሁለት ዓይነት መድኃኒት አልወርድ ያለው ሰው ይህን ወረቀት ይዞ ወጣ እንበል። ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ደምቆ የተጻፈው ላይ ነው፦ ኤ.ኤች.አይ 32። ከጎኑ «ከባድ» የሚል ቃል አለ። የቀረውን ሳያነብ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል፤ አይፈረድበትም። ነገር ግን ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚታመን የሚናገሩት ከሥሩ ያሉት መስመሮች ናቸው፤ ያውም ወረቀቱ የሚነበበው ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ በሆነ ከተማ ከሆነ።

ኤ.ኤች.አይ አንድ ሰው ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ በሰዓት በአማካይ ስንት ጊዜ እንደቆመ ወይም እንደቀነሰ የሚቆጥር ልክ ነው። መቆሙ «አፕኒያ»፣ መቀነሱ «ሃይፖፕኒያ» ይባላል። በአፍንጫና በአፍ የሚያልፈው አየር 90 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሶ ቢያንስ 10 ሰከንድ ከቆየ አፕኒያ ተብሎ ይመዘገባል፤ 9 ሰከንድ ከቆየ አይመዘገብም። አሥሯን ሰከንድ ያሰመሩት ባለሙያዎች ናቸው እንጂ ተፈጥሮ አይደለችም። አዋቂ ሰው በእንቅልፍ ላይ በደቂቃ ከ12 እስከ 16 ጊዜ ያህል ስለሚተነፍስ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ትንፋሽ ያመልጠዋል። በሕፃናት ላይ መስፈርቱ ሌላ ነው፤ ያመለጠው ትንፋሽ ራሱ ይቆጠራል።

ሕመሙ በሕክምና መዝገብ ስም ካገኘ ገና አንድ ዕድሜ አልሞላውም። በ1965 እ.ኤ.አ. ማርሴይ ውስጥ አንሪ ጋስቶና ባልደረቦቹ፣ ጀርመን ውስጥ ደግሞ ዩንግና ኩሎ፣ ቀን ቀን የሚያንጎላጁ ወፋፍራም ሕመምተኞችን ሌሊቱን ሙሉ በመሣሪያ ሲከታተሉ ትንፋሻቸው እየተቋረጠ እንደሚመለስ አዩ። ክሪስቲያን ጊልሚኖ የተባለው የስታንፎርድ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1976 «የእንቅልፍ አፕኒያ ሲንድረም» የሚለውን ስያሜ አጸና። ዛሬ የሚሠራበት ደረጃ ለአዋቂ ሰው ከ5 በታች ጤናማ፣ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ የሚል ነው። በ29ና በ31 መካከል ያለው ልዩነት ወረቀት ላይ እንጂ ሰውዬው አካል ውስጥ የለም።

ሃይፖፕኒያ ከአፕኒያ ይልቅ ያወዛግባል። የአየሩ ፍሰት 30 በመቶ ያህል ቀንሶ 10 ሰከንድ መቆየቱ ብቻውን አይበቃም፤ መዘዝ ማስከተል አለበት። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ መመሪያ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን በ3 በመቶ ሲወርድ ወይም አንጎል ለጥቂት ሰከንድ ሲባንን ይቆጥራል። ሁለተኛው ኦክስጅኑ 4 በመቶ ካልወረደ አይቆጥርም፤ መባነኑንም አይመለከትም። ስለዚህ የአንድ ሰው አንድ ሌሊት በአንደኛው መንገድ ሲቆጠር መካከለኛ፣ በሁለተኛው ሲቆጠር ቀላል ሊሆን ይችላል። ጥሩ ወረቀት በየትኛው እንደተቆጠረ ግርጌው ላይ ይጽፋል። ያልጻፈ ካለ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በተለይ ሁለተኛው ወረቀት ከውጭ ሀገር የመጣ ከሆነና ሁለቱን ለማነጻጸር ከታሰበ።

ሌላው መጠየቅ ያለበት ቁጥሩ ለስንት ሰዓት እንደተካፈለ ነው። ሙሉው ምርመራ ፖሊሶምኖግራፊ ይባላል፤ የአንጎልን ሞገድ፣ የዓይንን እንቅስቃሴ፣ የአገጭንና የእግርን ጡንቻ፣ የልብን ምት፣ የአየሩን ፍሰት፣ የደረትንና የሆድን መነሳት፣ የደሙን ኦክስጅን አንድ ላይ ይመዘግባል። የአንጎል ሞገድ ስላለው ሰውዬው መቼ እንደተኛ ያውቃል። ቤት ተወስዶ የሚታደርበት አነስተኛ መሣሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን አያውቅም። የእኛ ሰው ሰባት ሰዓት አልጋ ላይ ሆኖ የተኛው አምስቱን ብቻ ነው እንበል፤ ትንፋሹ 160 ጊዜ ተቋርጧል። ለአምስት ሲካፈል 32 ይሆንና «ከባድ» ይባላል። መሣሪያው ለሰባት ካካፈለው 23 ገደማ ይሆንና «መካከለኛ» ይላል። ሰውዬው ያው ነው፣ ሌሊቱም ያው ነው።

በየወረቀቱ ተደጋግሞ የሚመጣው «ኦብስትራክቲቭ» የሚለው ቃል መንገዱ መዘጋቱን ይናገራል። ከአፍንጫ ጀርባ እስከ ማንቁርት ያለው የጉሮሮ ክፍል እንደ ዋናው የአየር ቧንቧ በቅርጭጭ አጥንት ቀለበት አልተደገፈም፤ ተከፍቶ የሚቆየው በጡንቻ ብርታት ነው። ስንነቃ ጡንቻው ንቁ ነው። ስንተኛ ይላላል፣ ምላስ በጀርባ ለተኛ ሰው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ለስላሳው ላንቃ ይወርዳል። አፍ ላይ ተጠግቶ ወደ ውስጥ የተሳበ ፌስታል ሁለት ጎኑ እንደሚጣበቅ ሁሉ፣ ደረት በኃይል አየር በሳበ ቁጥር የላላው ጉሮሮም ይበልጥ ይጣበቃል። ማንኮራፋት ከፊል የጠበበው መንገድ የሚርገበገብበት ድምፅ ነው። ስለዚህ አደገኛው ከድምፁ መሃል የሚመጣው ዝምታ ነው፤ ደረት እየታገለ አየር የማያልፍበት። በመጨረሻ አንጎል ይባንናል፣ ጡንቻው ይጠነክራል፣ ሰውዬው እንደታነቀ ሰው አየር ይስባል፤ ከዚያም ምንም ሳያስታውስ ተመልሶ ይተኛል። ይህ በሰዓት 32 ጊዜ ከተደጋገመ በአማካይ በየሁለት ደቂቃው አንድ ነው። በእያንዳንዱ መባነን ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥር ይኮማተራል። ለመድኃኒት አልበገር ያለ ግፊት ሲኖር ሐኪም ስለ እንቅልፍ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

በ1953 ቺካጎ ውስጥ አሰሪንስኪና ክላይትማን ያሳወቁት፣ ዓይን የሚንቀዋለልበትና ሕልም የሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል «ሬም» ይባላል። በዚህ ጊዜ ከድያፍራምና ከዓይን ጡንቻዎች በቀር ሰውነት ከሞላ ጎደል ይሽመደመዳል። የነቃ ሰው ይህ መሽመድመድ ሳይለቀው ሲቀር ነው «ዱካክ ተጫነኝ» የሚለው፤ ደረቱ ላይ የተቀመጠ ነገር ያለ ይመስለዋል፣ መጮህ ያቅተዋል። የብዙ ሰው አፕኒያ የሚረዝመውም በሬም ነው። ወረቀቱ ላይ «ሬም ኤ.ኤች.አይ» የሚል ለብቻው ቁጥር ካለ፣ ከአጠቃላዩ እጥፍ ሆኖ ቢገኝ አይገርምም። አልኮልም ጡንቻን ያላላል። ካዛንቺስ ማታ ማታ በምን እንደምትታወቅ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ ወስዶ የተኛ ሰው ጉሮሮ ከወትሮው ቀድሞ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ስለ እንጥል ማንሳት ግድ ነው። ላንቃ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለችው ይህች ሥጋ በሀገራችን ብዙ መከራ አይታለች። አማራ ክልልን ጨምሮ በብዙ አካባቢ ሕፃን ሲታመም «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ በባህላዊ መንገድ ይቆረጥ ነበር፤ ዛሬም ፈጽሞ አልቀረም። መድማቱና መመረዙ ሕፃናትን ስለሚገድል ድርጊቱ ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ዝርዝር ከገባ ቆይቷል። የሚያስገርመው፣ በ1981 ሺሮ ፉጂታ የተባለ ሐኪም ዲትሮይት ውስጥ ለእንቅልፍ አፕኒያ ያስተዋወቀው ቀዶ ሕክምናም እንጥልንና ከለስላሳው ላንቃ ጥቂቱን የሚያነሳ መሆኑ ነው። ሁለቱን ማመሳሰል ግን ስህተት ነው። የፉጂታው ቀዶ ሕክምና ለአዋቂ፣ በማደንዘዣ፣ መንገዱ የት እንደሚጠብ ታይቶ የሚደረግ ነው፤ እንዲያም ሆኖ በሁሉም ሰው ላይ አይሠራም። የምላስ ሥር ወደ ኋላ የሚወድቅበት ሰው እንጥሉ ቢወጣለት ድምፁ ይቀንስ ይሆናል፣ መታፈኑ ግን ይቀጥላል። ምልክቱ ጠፍቶ ሕመሙ የቀረ እንደሆነ ደግሞ ማንም አይጠረጥረውም። ልጅ ካንኮራፋ ታሪኩ ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ያበጠ ቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው አዴኖይድ ነው መንገዱን የሚይዘው። አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ ሌሊት በላብ የሚጠመቅ፣ ትምህርት ቤት የሚቅበጠበጥ ልጅ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይወሰድ እንጂ እንጥል ቆራጭ ጋ አይወሰድ።

ሙሉ የእንቅልፍ ምርመራ የሚደረግባቸው ቦታዎች በሀገራችን ጥቂት ናቸው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው የሚለካው በመጠይቅ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ ፍራንሲስ ቸንግና ባልደረቦቿ ያወጡት «ስቶፕ-ባንግ» ስምንት ጥያቄ ብቻ አለው፦ ጮክ ብለህ ታንኮራፋለህ ወይ፣ ቀን ይደክምሃል ወይ፣ ትንፋሽህ ሲቆም ያየ ሰው አለ ወይ፣ ግፊት አለብህ ወይ ይላል፤ ቀጥሎ የክብደትና ቁመት ልክ ከ35 በላይ መሆኑን፣ ዕድሜ ከ50 ማለፉን፣ የአንገት ዙሪያ ከ40 ሴንቲ ሜትር መብለጡን፣ ወንድ መሆንን ይጠይቃል። ሦስትና ከዚያ በላይ አዎንታ ያለው ሰው ይጠረጠራል። የክብደቱ ጥያቄ ለእኛ ሰው ያታልላል። 35 በጣም ከባድ ውፍረት ነው፤ ቀጠን ብሎ አገጩ ወደ ኋላ የገባ ወይም ቶንሲሉ የገዘፈ ሰውም ይታፈናል።

ከስምንቱ ሁሉ እኔ የማምነው ሦስተኛውን፣ ምስክር የሚጠይቀውን ነው። በዚህ በኩል አዲስ አበባ ከብዙ የሠለጠነ ከተማ ትሻላለች። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ከመፍረሳቸው በፊት የካዛንቺስ ቀበሌ ቤቶች ውስጥ ቤተሰቡ በአንድ ክፍል ያድር ነበር፤ የማን ማንኮራፋት የት ላይ እንደሚቋረጥ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ጎረቤት ሳይቀር ያውቀው ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ትንፋሽህ ጥፍት ብሎብኝ ነካ ነካ ሳደርግህ እኮ ነው የተመለስከው» የምትል ሚስት ለሐኪሙ ከግማሽ ወረቀት በላይ ነግራዋለች። ችግሩ ታካሚው ብቻውን ክሊኒክ ሄዶ «ጤነኛ ነኝ፣ እንቅልፍማ እንደተጋደምኩ ነው የሚወስደኝ» ማለቱ ነው። ይህ ራሱ ምልክት መሆኑን አያውቅም። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት መነሳቱን ከስኳር ወይም ከፕሮስቴት ጋር እንጂ ከትንፋሽ ጋር አያገናኘውም።

የቀን ድካምን የሚለካው ደግሞ የኤፕዎርዝ መለኪያ ነው፤ መሪ ጆንስ የተባለ ሐኪም በ1991 ያወጣው፣ ስሙን ሜልበርን ከሚገኝ ሆስፒታል የወሰደ። ስምንት ሁኔታዎች እየተጠቀሱ «እዚህ ላይ ምን ያህል ትተኛለህ?» ተብሎ ከዜሮ እስከ ሦስት ይሰጣል፤ ድምሩ ከ10 ካለፈ እንቅልፉ በዝቷል። አንዱ ጥያቄ መኪና እየነዱ ትራፊክ ሲያስቆም ስለማንቀላፋት ነው። የአዲስ አበባ ሰው አብዛኛው መሪ አይጨብጥም፤ ያለ ማብራሪያ ዜሮ ይሰጥና ድምሩ ይወርዳል። ጥሩ ሐኪም ጥያቄውን ወደ ሕይወቱ ያመጣዋል፦ እድር ስብሰባ ላይ? ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ? ስብከት ላይ? የጎንደርና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተጠኑበትና በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ሥራ፣ የእንቅልፍን ጥራት በሚለካ ሌላ መጠይቅ 55.8 በመቶው እንቅልፋቸው ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። ደካማ እንቅልፍ ግን አፕኒያ ማለት አይደለም፤ ጫትም፣ ቡናም፣ ጭንቀትም፣ ስልክም እንቅልፍ ይነሳሉ። መጠይቅ በር ያንኳኳል እንጂ ማን ውስጥ እንዳለ አይናገርም።

ወረቀቱን የሚያነብ ባለሙያ ያገኘነውም በቅርብ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ልዩ ሥልጠና የጀመረው በ2013 እ.ኤ.አ.፣ የምሥራቅ አፍሪካ የሥልጠና ተነሳሽነት በተባለው መርሐ ግብር ነው። ከዚያ በፊት ሳንባ ላይ ብቻ የሠለጠነ ሐኪም በመላው ሀገሪቱ በጣት የሚቆጠር ነበር።

አሁን ወደ ኦክስጅኑ መስመሮች እንምጣ። ለአዲስ አበባ ሰው በወረቀቱ ሁሉ ላይ በጥንቃቄ መነበብ ያለባቸው እነዚህ ናቸው። «ሳቹሬሽን» ማለት ከሂሞግሎቢን ውስጥ ምን ያህሉ ኦክስጅን እንደተሸከመ በመቶኛ የሚለካ ነው። የሀገራችን ሰው ቃሉን የለመደው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ከተገኘ በኋላ ነው፤ ጣት ላይ የሚቆነጠጠው ኦክሲሜትር ያኔ ከሆስፒታል ወጥቶ በየቤቱ ገባ። ወረቀቱ ላይ ዝቅተኛው ንባብ «ናዲር» ይባላል፤ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደወረደ «ኦ.ዲ.አይ»፤ ከ90 በታች ሆኖ ያሳለፈው ጊዜ ደግሞ «ቲ-90»።

90 ለምን? ባሕር ጠለል ላይ ያለ ጤነኛ ሰው ከ95 በላይ ስለሚሆን፣ 90 ሩቅና ግልጽ ወሰን ነው። ካዛንቺስ ላይ ግን ወሰኑ ቅርብ ነው። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ኦክስጅን እዚህም ከአየሩ 21 በመቶ ነው፣ ግን ወደ ሳንባ የሚገፋው ኃይል በዚያው ልክ ቀንሷል። ጤነኛ የከተማችን ነዋሪ ነቅቶ 93 ወይም 94 ቢያነብ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። እንቅልፍ ሲወስደው ማንም ሰው ትንሽ ይወርዳል። ከ94 የተነሳ ሰው ሁለት ነጥብ ወርዶ 92 ላይ ሌሊቱን ያሳልፋል፤ ትንሽ መታፈን ሲጨመርበት 90ን አልፎ ይወርዳል። ስለዚህ ከፍ ያለ ቲ-90 ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ የሚያመለክተውን ያህል ክብደት እዚህ ላይኖረው ይችላል።

ከዚህ የሚረቅ ነገርም አለ። ሂሞግሎቢን ኦክስጅንን የሚለቅበት መንገድ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ከ97 አካባቢ የሚነሳ ሰው የኦክስጅኑ ግፊት ጥቂት ቢቀንስበት ቁጥሩ ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም። ከ92 የሚነሳው ግን መስመሩ ቁልቁል መውረድ የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው፤ ያው መጠን ሲቀንስበት ሦስትና አራት ነጥብ ይወርዳል። ሃይፖፕኒያ የሚቆጠረው 3 ወይም 4 በመቶ ሲወርድ እንደሆነ ቀደም ሲል አይተናል። እንግዲህ አንድ ዓይነት ጉሮሮ፣ አንድ ዓይነት መጥበብ፣ ጅቡቲ ከሚቆጠርለት ሃይፖፕኒያ ይልቅ ካዛንቺስ ላይ የሚበዛ ሊቆጠርለት ይችላል። ቁጥሩ ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ሰውነቱ በእርግጥ ኦክስጅን አጥቷል። ነገር ግን የጉሮሮውንና የከፍታውን ድርሻ ቁጥሩ ብቻውን አይለያቸውም።

ከፍታ ሲነሳ ሰሜን ተራሮች አይቀሩም። ሲንቲያ ቢል የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ 3,530 ሜትር ላይ በአምባራስ የሚኖሩ 236 ሰዎች ተለክተው አማካይ ሳቹሬሽናቸው 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ሂሞግሎቢናቸውም ወንዶቹ 15.9፣ ሴቶቹ 15.0፤ ቆላ ላይ እንዳለ ሰው ማለት ነው። በተመሳሳይ ከፍታ የሚኖሩ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸውን በቀይ ሕዋስ አብዝተው ነው የሚቋቋሙት። ከአሥር ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ሥራ የባሌ ከፍታ ኦሮሞዎች ሂሞግሎቢን ከሰሜን ተራሮቹ አማራዎች ከፍ እንደሚል አሳየ። ይህን አንብቦ «እኛማ ከፍታው አይነካንም» ማለት ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ሲለውም ይሰማል። ልኬቱ ግን ነቅተው ባሉ ሰዎች ላይ የተደረገ ነው። ካዛንቺስ የሚኖረው ሰው ደግሞ ከድሬዳዋም፣ ከጋምቤላም፣ ከጎጃምም የመጣ ነው።

ጣት ላይ የሚቆነጠጠው መሣሪያም ራሱ እንከን አለበት። በ1974 ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ ሐሳቡን ይፋ ካደረገ ወዲህ ብርሃን በሥጋ ውስጥ አሳልፎ ነው የሚሠራው፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የማንበብ ዝንባሌ አለው። በ2020 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ መሣሪያው ደህና እያለ ደሙ ግን ኦክስጅን ያጣበት አጋጣሚ በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚደርስ አሳይቷል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የከሰል ጉዳይ ነው። በክረምት ከሰል ቤት አስገብቶ በሩን የዘጋ ሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሂሞግሎቢኑን ሲይዝበት ተራው ኦክሲሜትር ያንን እንደ ኦክስጅን ያነበዋል። ሰውዬው እየሞተ የመሣሪያው መስኮት ላይ 98 ይታያል።

«ሴንትራል» የሚለው ቃል ከታየ ነገሩ ይለወጣል። እዚህ ጉሮሮው ክፍት ነው፤ የቀረው ከአንጎል የሚመጣው ትእዛዝ ነው። ደረትና ሆድ ላይ የታሰሩት ቀበቶዎች ያኔ ጸጥ ይላሉ፤ በተዘጋው ዓይነት ግን ይታገላሉ። ልብ የደከመበት ሰው፣ ስትሮክ ያገኘው፣ ወይም እንደ ትራማዶል ያለ ጠንካራ ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ላይ ይታያል። ከፍታም ያመጣዋል። ኦክስጅን ያነሰው ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ በዚህም ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አውጥቶ ይጨርሰዋል። በእንቅልፍ ውስጥ «ተንፍስ» የሚለውን ትእዛዝ በዋናነት የሚያመጣው ደግሞ ይኸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ትንፋሽ ይቆማል፣ ሲጠራቀም ይመለሳል፣ እንደገና ይበዛል። ለአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን ስብሰባ ከባሕር ዳርቻ ሀገር መጥቶ ካዛንቺስ ሆቴል ያረፈ እንግዳ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች አየር እንዳጠረው ሆኖ ከባነነ አንዱ ሰበብ ይህ ሊሆን ይችላል። በስዊዘርላንድ ከ600 ሜትር በታች የሚኖሩ የአፕኒያ ሕሙማን 490፣ 1,860ና 2,590 ሜትር ላይ እንዲያድሩ ተደርጎ ሲለኩ፣ ሲወጡ አፕኒያቸው ባሰ፤ የጨመረውም ባብዛኛው ሴንትራሉ ነበር። አዲስ አበባ በኋለኞቹ ሁለት ከፍታዎች መካከል ናት። ዋሽንግተን ኖሮ ለእረፍት የመጣ ዘመድ «እዚህ ስመጣ ማሽኑ እምቢ አለኝ» ሲል ሰበቡ ሁልጊዜ የመብራት ጉዳይ ላይሆን ይችላል።

ማሽኑ ሲፓፕ ነው። እስከ 1980 ድረስ ለከባድ አፕኒያ አስተማማኙ ሕክምና አንገትን ቀዶ ቱቦ ማስገባት ነበር። በዚያ ዓመት ሲድኒ ውስጥ ኮሊን ሱሊቫን የቫኪዩም ክሊነር ሞተር ወደ ውጭ እንዲነፍስ አድርጎ በአፍንጫ ማስክ ለአንድ ሕመምተኛ አገናኘው፤ ውጤቱንም ፉጂታ ቀዶ ሕክምናውን ባስተዋወቀበት በ1981 አሳተመ። በኮቪድ ዘመን ቃሉን ከኦክስጅን ሲሊንደር ጋር አብሮ የሰማ ሰው ሲፓፕ ኦክስጅን የሚሰጥ ይመስለዋል። አይሰጥም፤ የሚነፋው የክፍሉን ተራ አየር ነው። ሥራው ግፊቱ ነው፣ የላላውን ጉሮሮ ከውስጥ ገፍቶ መክፈት።

ግፊቱ የሚለካበት «ሴንቲ ሜትር ውኃ» የሚባለው አሃድ ግራ ያጋባል፤ ለመረዳት የሚያቀለው የሕፃናት ክፍል ሄዶ ማየት ነው። ያለጊዜው ለተወለዱና ከባድ ሳንባ ምች ለያዛቸው ሕፃናት በሀገራችን ሆስፒታሎች የሚሠራበት «በብል ሲፓፕ» የመውጫ ቱቦው ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነከራል። ቱቦው 5 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ አየሩ አረፋ ሆኖ ለመውጣት ያንን ያህል ውኃ መግፋት አለበት፤ ያ ግፊት ወደ ሕፃኑ ሳንባ ይመለሳል። አምስት ሴንቲ ሜትር ውኃ ማለት ይኸው ነው። የአዋቂው ማሽን ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ይሰጣል። አሥር ቢሆን ከአዲስ አበባ የአየር ግፊት አንድ በመቶን ጥቂት ያለፈ ነው፤ መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል መውረድ፣ ከካዛንቺስ አቃቂ ሳይደረስ። ጉሮሮ ለመክፈት ይበቃል፤ ከፍታን ለማካካስ ግን ሲፓፕ ምንም ማለት አይደለም። ጉሮሮው ተከፍቶም ሳቹሬሽኑ ዝቅ እንዳለ የሚያድር ሰው ካለ ጥያቄው ወደ ሳንባ፣ ወደ ልብ ወይም በደም ውስጥ ወደተጠራቀመ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞራል።

በሰፊው ከሚሸጡት ማሽኖች የአንዱ መመሪያ እስከ 2,591 ሜትር ድረስ እንዲሠራ መፈተኑን ይናገራል። አዲስ አበባ ከዚያ ሥር ናት፤ ለዓመት በዓል ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ ሰው ግን ከመመሪያው ውጭ ነው የሚተኛው። ማሽኑ መሥራቱን አያቆምም፣ ግን አምራቹ ለግፊቱ ትክክለኛነት ዋስትና አይሰጥም። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፤ አብዛኛው ማስክ ሰው እንዳይታፈን ቀዳዳ አለው። በባትሪ የሚያድር ሰው መጀመሪያ የሚያጠፋው አብዛኛውን ኃይል የሚበላውን የውኃ ማሞቂያውን ነው፤ ያን ጊዜ በበጋው ደረቅ አየር አፍንጫው ይደርቃል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው።

ማሽኑ በየጠዋቱ የራሱን ኤ.ኤች.አይ ያሳያል። ይህ የምርመራው ኤ.ኤች.አይ አይደለም፤ ማሽኑ የደሙን ኦክስጅን አያውቅም፣ ሰውዬው መተኛቱንም አያውቅም፣ ከአየሩ ፍሰት ገምቶ ነው የሚቆጥረው። ከ32 ወደ 4 ከወረደ ደስ ይበለው። 15 ላይ ከቆመ ዝርዝሩ ይታይ። የማስኩ ፍሳሽ ከሆነ ማስክ ይቀየራል። የቀሩት «ክፍት መንገድ» ተብለው የተመዘገቡ ከሆኑ ማሽኑ ሴንትራል መሆናቸውን እየጠረጠረ ነው፤ ከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች ይህ ሊገጥም የሚችል ነገር ነው። ሰውዬው «አልሠራልኝም» ብሎ ግፊቱን በራሱ ከጨመረ ሊብስበት ይችላል። ብዙ ሰው ላይ እንዲህ ያለው ሴንትራል አፕኒያ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ በራሱ ይጠፋል፤ ካልጠፋ ግፊቱ ይቀነሳል፣ የሚወሰደው ማስታገሻ ይጠየቃል። ለሴንትራል አፕኒያ ተብሎ የተሠራ፣ ትንፋሽን እየተከተለ የሚያግዝ ሌላ ማሽንም አለ፤ ዋጋው ይወደዳል፣ ከውጭ ዘመድ ይልከዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት ግን የልብ መግፋት አቅማቸው 45 በመቶና ከዚያ በታች በሆኑ የልብ ድካም ሕሙማን ላይ ይኸው ማሽን የልብ ሞትን እንደጨመረ አሳየ። ስለዚህ ሐኪሙ ያንን ማሽን ከመፍቀዱ በፊት የልብ ኢኮ ያዛል።